ሳያልቅ የቀረው ድራማ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ተማሪ አጠገቧ ከተቀመጡ አዛውንት ጋር ታወራለች።

«የወጣት ዲፕሎማቶቹን ድራማ እርስዎም ያዩት ነበር፣ አባባ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ነበር የሚያየው። ውጭ አገር ኤምባሲ ሲሠሩ ልጁ የልጅቷን ሹመት ነጠቃት። እንደተኳረፉ ድራማው ተቋረጠ።»

«ተመልካች አጣ አሉ። እኔም መጨረሻውን ሳላይ ቆጭቶኝ ቀረ።»

«እኛ ጨረስነው።»

«እንዴት አድርጋችሁ?»

«እሑድ ሰንበቴ ላይ ሰው ሁሉ በነሱ ነገር ተከራከረ። ሽማግሎች ‹ጠብ ተንጠልጥሎ አይቀርም፣ እናስታርቃቸው› አሉ። እኔ በልጁ ፈንታ ቆምሁ።»

«በልጅቷስ?»

«ጎረቤቴ። በእርሻ ድንበር ተጣልተን ደህና ዋልህ እንኳ አንባባልም ነበር።»

«ታዲያ ማን ረታ?»

«እሷ ናት እንጂ። ጥፋተኛው ልጁ ስለሆነ፣ እኔ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ጎረቤቴ እግር ላይ ወደቅሁ።»

«ለድራማ ብለው?»

«ስወድቅ ለድራማው ነበር። እሱ ግን ድንጋዩን ካንገቴ አውርዶ ሲያነሣኝ፣ ‹የድንበሩም ይቅር› አለኝ።»

«እና የምር ታረቃችሁ?»

አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ከጎኔ የተቀመጠውን ሰውዬ ትከሻ ነካ አደረጉ።

«ንገራት እስቲ።»

ሰውዬው ዞር ሳይል መለሰ።

«ታርቀናል። ዛሬም ለልጆቻችን ሰርግ ሰንጋ ልናይ ነው የምንሄደው። ያ ዲፕሎማት ግን አሁንም ጥፋተኛ ነው።»

እኔ ማንኩሳ ላይ መውረድ ሲገባኝ፣ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኋት።