ልብስ ሰፊዋና የምርመራው ወረቀት

ነርሷ የተቀደደ ጋውኗን ልታሰፋ ጎራ ስትል ልብስ ሰፊዋ የአንገትጌ ልክ የቆረጠችበትን ወረቀት ጨርቅ ላይ በእስፒል ይዛ፣ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምር ነበር። ነርሷ ወረቀቱ ላይ የክሊኒካቸውን ማኅተም አየች። ግማሹ ተቆርጧል፤ የሴትዮዋ ስም ግን ይነበባል፤ ቀኑም አምስት ወር አልፎታል።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የማኅፀን በር ምርመራ ውጤትዎ ነው። ለውጥ ታይቷል፣ ይመለሱ ይላል።"

"ጠንካራ ወረቀት ነው፤ ለአንገትጌ ይሆናል" አለች ሴትዮዋ፣ ጠመኔዋን ሳታነሳ።

ለታላቅ እህቷም እንዲህ ያለ ወረቀት መጥቶላት ነበር። በኋላ ሆስፒታል ገብታ ወር ሳትቆይ ሞተች። ልብስ ሰፊዋ እህቴን የገደላት የሐኪም ብረት ነው እያለች ላገኘችው ሁሉ ስትናገር ኖራለች። ደግሞም እሷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የማኅፀን ሕመም ከተሰማ ጎረቤት ስለ ምግባሯ ምን እንደሚል አታጣውም።

"እናንተ ሰው ካልጎረጎራችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም" አለቻት።

ነርሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለውጥ ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ለውጡን የሚያመጣው ቫይረስም ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚይዘውና ለዓመታት ተደብቆ የሚቆይ ስለሆነ ስለ ማንም ምግባር እንደማይመሰክር አስረዳቻት። አንዳንዱ ለውጥ በራሱ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ዝም ከተባለ ውሎ አድሮ ካንሰር ይሆናል። የቱ እንደሆነ የሚለየው ቀርቦ ሲታይ ነው።

"እኔን ምንም አያመኝም።"

"እስኪያምዎት ከጠበቁ ይዘገያል፣ እትዬ።"

"እህቴንስ ጠርታችኋት የለ? ሄዳ ምን አተረፈች?"

"መቼ ሄዱ?"

የልብስ ሰፊዋ እጅ ቆመ። እህቷ የሄደችው ወረቀቱ በመጣ በአራተኛው ዓመት፣ ደም ሲፈሳት ነው። "ተይው፣ አታስነኪው" ብላ የመከረቻት ማን እንደነበረች አልተናገረችም።

"ያኔውኑ ብትሄድ ትድን ነበር?"

ነርሷ ማባበል ትችል ነበር። "የእሳቸውን አላየሁም። በጊዜ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ይድናሉ" አለች።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ ክሊኒኩ ሄደች። ቀርበው አዩዋት፤ ካንሰር አልነበረም። የተለወጠውን ቦታ በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አከሙላት፤ በዓመቱ ተመልሳ እንድትታይም ቀጠሯት። ይህ ወረቀት የሚደርሳት ሴት ሁሉ ይህን ትወቅ፦ በጊዜ የተመለሰች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራዋን ሳትፈታ፣ ልጆቿን ሳትበትን በቀላል ሕክምና ትድናለች።

ልብስ ሰፊዋ ከሕክምና ክፍሉ ስትወጣ ነርሷ አመመዎት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

"ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም" አለች። "እህቴን ያስቀረኋት ከዚች ሩብ ሰዓት ነው።"