ያላለቀሰው የሞተር እግር

ያን ቀን ከቤቴ የወጣሁት የጎረቤት ወንፊት ልመልስ ነው። ወንፊቱ እንኳን ሰበብ ነው፤ የወንፊቱ ባለቤት ከእህቷ ጋር ተኳርፋለች ሲባል ሰምቼ፣ ነገሩን ከራሷ አፍ ልስማ ብዬ ነው። እኔ ወሬ አልወድም። ግን የተሳሳተ ወሬ ሰፈር ሲዞር ዝም ብሎ ማየት አልችልበትም።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ ወንፊቱንም ኩርፊያውንም የሚያስረሳ ነገር ገጠመኝ። ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሹፌር፣ የምራቱን ሞተር ሳይክል እየገፋ ይመጣል። አስነስቶ እንዳይነዳት ቁልፉ የለውም፤ ቁልፉ ሁልጊዜ ምራቱ ኪስ ውስጥ ነው። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ወዲያ ወዲህ ይገላመጣል።

"ምነው አንተ ሰው፣ ሞተሯን በእግሯ ልታንሸራሽራት ነው?" አልኩት፣ ወንፊቱን ይዤ መንገዱ መሃል ቆሜ።

"እባክሽ እህቴ፣ አላየሁህም በዪኝ።"

"እንደሱ ካልኩማ ሰፈሩ ዓይኗ ደክሟል ይለኛል። ንገረኝና ልለፍህ።"

እንደማልለቀው ስለሚያውቅ ሞተሯን አቁሞ ተነፈሰ። ለጎማ ነጋዴው ሊሸጣት ተስማምቷል። ምራቱ ከሌሊት ተረኝነት ሳትመለስ ሱቁ ድረስ ሊያደርስለት ነው። ልጁ ሩቅ አገር ስለሚሠራ የቤቱ ትልቅ እሱ ነው፤ እሱ የቆረጠውን የሚመልስ የለም።

"ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ስትወድቅ አላየሽም?" አለኝ። "ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይዛ፣ የፊት ጎማው አልቆም ብሎ ጡብ ክምር ላይ ወረወራት። ክንዷ ተልጦ ገባች። በሚቀጥለው አንገቷ ቢሆንስ? ልጄ ሲመጣ ሚስቴን የት አደረስካት ቢለኝ ምን እላለሁ? ሞተሯ ክፉ ናት። እኔ መኪና አውቃለሁ፤ ክፉ የሆነ መኪና አለ፣ ሰው ሳይበላ አይተኛም።"

አልፈረድኩበትም። ምራቱን ይወዳታል፤ አፉ እንጂ ሆዱ ክፉ አይደለም። ግን ምራቱ አዋላጅ ናት። ከወንዙ ማዶ ያሉ እርጉዞች ምጥ ሲይዛቸው የሚደውሉት ለእሷ ነው። አንድ ጊዜ ሞተሯ ተበላሽታ በእግሯ ሄዳ፣ ሕፃኑ ቀድሟት ተወልዶ፣ እናትየዋ ደሟ ፈሶ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሞተሯ ከተሸጠች ማዶ ያሉት ሴቶች ማን አላቸው?

ይህንን ልለው አፌን ስከፍት ምራቱ ራሷ ከታች በኩል ብቅ አለች። ነጭ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ዓይኗ እንቅልፍ ለብሷል።

"እንደምን አደሩ አባባ። እማማ፣ እንደምን አደሩ። ወዴት ነው?"

"ጎማዋን... ነፋስ ላስሞላ ብዬ ነው" አለ ሽማግሌው።

ሳልኩ። ጉንፋን አልነበረኝም።

እሷም ጎማውን አየች። ድርቅ ብሎ ተነፍቷል። መሪውን ከእጁ ቀስ ብላ ተቀበለችና "አባባ፣ ሊሸጧት እንደሆነ አውቃለሁ" አለችው። "አልቀየምዎትም፤ ፈርተውልኝ ነው። ግን ዛሬ የእረፍት ቀኔ ነው። የፊት እግሮቿን ቤት ፈትቼ ላድስ። ማታ አሁንም ክፉ ናት ካሉኝ፣ ነጋዴው ጋ ራሴ ገፍቼ እወስዳታለሁ።"

ምን እግር እንደሆነ ላስረዳ። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አቅፈው የያዙ፣ ጉድጓድ ሲመጣ ሸብረክ የሚሉ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች አሉ አይደል? እነሱ ናቸው። የቀኙ ዘይት ማልቀስ ከጀመረ ሰንብቷል።

"ቤት? ይሄ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል መሰለሽ እንዴ ልጄ?" አለ። "የሞተር እግር ጋራዥ ነው የሚፈታው። ደግሞ ዘይት የማይጥል መኪና እኔ አላየሁም። የማይጥል ካለ ዘይቱ ያለቀበት ነው። ጨርቅ አስሬልሻለሁ አይደል?"

"አስረውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋራዡ ግን ከተማ ነው፤ ሞተሯ እዛ ሰንብታ እስክትመለስ እርጉዞቼ አይጠብቁኝም። ሥልጠና ላይ መፍታትና መግጠም አስተምረውናል። ከሥራ ባልደረባዬ ጋርም የእሷን አንዴ አድሰናል። ዕቃውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ያጣሁት ቀን ነበር።"

ሽማግሌው እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ወንፊቱን አየሁ።

"እሺ፣ እስከ ማታ" አለ።

ወንፊቱን በዛው ይዤ ተከተልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

ግቢ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው እጇን መታጠብ ነው። ቀጥሎ የጣሪያው ጥላ ስር ጠረጴዛ አውጥታ ነጭ አንሶላ አነጠፈችበት። የመፍቻ ቁልፎቹን ወልወል አድርጋ በተርታ ደረደረች።

"አንሶላ ደግሞ ለምኑ ነው? ሞተሯን ምጥ ይዟት ነው?" አለ ሽማግሌው።

"ምጡስ አንተን ነው የያዘህ" አልኩት።

እሷ ሳቀችና አንድ ትንሽ የጎማ ቀለበት አሳየችው። "አባባ፣ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ይሄ ነው። ከንፈሩ እንዴት ስስ እንደሆነ በጣትዎ ይንኩት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ትቀደዋለች፤ ዘይቱም ተመልሶ ይፈሳል።"

"እኔ ስንት ሞተር መንገድ ዳር አፈር ላይ ፈትቼ ገጥሜያለሁ።"

"አውቃለሁ። ከገጠሙ በኋላ ግን ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ቀሩ?"

"መቅረትማ የመንገድ ወግ ነው" አለ። ያ ሁሉ የቀረበት መንገድ ትዝ ሳይለው አልቀረም።

ከሞተሯ ሆድ ስር የእንጨት ሳጥን ከትታ የፊት ጎማውን ከመሬት አነሳችው። ጎማውን ስታወጣ፣ ፍሬኑ የሚነክሰው ክብ ብረት ዘይት ተለቅልቆ ያብለጨልጫል። በነጭ ጨርቅ ጠረገችው፤ ጨርቁ ጠቆረ።

"ይሄ ዘይት እዚህ ምን ይሠራል?" አለ ሽማግሌው።

"ከላይ ነው የወረደው አባባ።"

ቀና ብሎ አየ። እኔም አየሁ። የቀኙን እግር እሱ የጠመጠመው ጨርቅ ዘይት ጠጥቶ፣ ጫፉ ወደዛው ክብ ብረት ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ ጠብታ አለ። እያየናት ወረደች።

ምላሴ ጫፍ ላይ መጣልኝ፤ ልጅቱ ግን ዓይኗን አነሳችብኝና መለስኩት። እንዲህ ያለ ወሬ መዋጥ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

"የጣልኩሽ እኔ ነኝ" አለ ሽማግሌው። ድምፁ ወረደ።

"የጣለኝ ዘይቱ ነው። እርስዎ ጨርቁን ያሰሩት እንዳልወድቅ ብለው ነው።" ይህን ብላ የፍሬኑን ሸራ አወጣችና አዲስ ገጠመች። ከዛ ወዲያ ነገሩን አላነሳችውም። ስንት የተማረ ሰው አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለ ቀን ቢያገኝ ዓመት ሙሉ የሚያወራ።

ያም ሆኖ ሽማግሌው እጅ አልሰጠም። ቀኙን ፈትታ ወደ ግራው ስትዞር "ተዪው" አላት። "እሱ ምን አደረገ? አንድ ቀን ጠብታ አልወጣውም። ጤነኛውን ነካክተሽ ታበላሺዋለሽ። ያስለቀሰውን አከምሽ፤ በቃ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ልቤ ወደ እሱ ሄዶ ነበር። እሷ ቁልፉን አስቀመጠች።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሕፃን ሲወለድ ክፍሉ ውስጥ የምደነግጠው መቼ ይመስልዎታል? ሲያለቅስ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ሲያለቅስማ ደስ ይለኛል። የምደነግጠው ዝም ሲል ነው። የሚያለቅሰው ምን እንደሆነ ይነግረኛል። ዝም ያለውን ቶሎ ካላየሁት አምልጦኛል ማለት ነው። ይሄኛው እግር ዝም ያለው ጤነኛ ሆኖ እንደሆነ በምን እናውቃለን? የቀኙ ዘይቱ ሲያልቅ፣ ሥራውን ሁሉ ማን ሲሠራው የከረመ ይመስልዎታል?"

ሽማግሌው አገጩን አሸት አሸት አደረገና "ፍቺው እንግዲህ" አለ።

"ራቅ በሉ፤ ውስጡ ጥምዝ የብረት ሞላ ታምቋል" አለችን። በደረቷ ተጭና ክዳኑን ቀስ እያለች ፈታችው። ሞላው ወጣ፣ ወጣ፣ አያልቅም። እዛች ቱቦ ውስጥ ይሄ ሁሉ ተኝቶ እንደነበር ማን ያምናል? ከዛ ቱቦውን ሳፋ ላይ ደፋችው።

ቀደም ብላ የደፋችው የሚያለቅሰው እግር ዘይት ጥቂት ነበር፤ ግን ቀዩ ቀለሙ አልጠፋም። ከዝምተኛው የወጣው የዕቃ እጣቢ ይመስላል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ። ውስጡ ብርማ ብናኝ ይንሳፈፋል። ብናኙ ከየት እንደመጣ ያሳየችን ቱቦዎቹን እርስ በርስ የሚያንሸራትተውን የብረት ቀለበት ስታወጣ ነው፤ በአንድ ጎኑ ተበልቶ አልቋል።

እኔ የሰፈሩን ቤቶች አሰብኩ። በየቀኑ ጩኸት የሚሰማባቸው አሉ፤ ሁላችንም ስናማቸው እንውላለን፣ እነሱ ግን ይኸው እየበሉ እየጠጡ አሉ። ድምፅ የማይሰማባቸው፣ ምንኛ የታደሉ ናቸው የምንላቸው ደግሞ አሉ። ያን ቀን ስንቱን በር ሳላንኳኳ አልፌ እንደነበር ታየኝ።

"ዝም ብሎ ነው ያለቀው" አለ ሽማግሌው፤ ሳፋው ላይ አጎንብሶ ቀረ።

ከዛ በኋላ ክርክሩ አበቃ፤ የቀረው ማየት ነው። ሁሉንም ጋዝ ውስጥ ነክራ አጠበች፤ ተበልቶ ያለቀውን ቀለበትም በአዲስ ተካች። ውስጠኛውን ብረት በጥጥ ዳበሰችው፤ ሸካራ ቦታ ካለ ጥጡን ይይዘዋል አለች። አልያዘም። እኔም ጎንበስ ብዬ ፊቴን አየሁበት፤ ረዝሜ ቀጥኜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ መስያለሁ። የቱቦውን አፍ በስስ ፌስታል ሸፍና ዘይት ቀባችው፣ አዲሱ የጎማ ቀለበት ከንፈሩ ሳይቆረጥ ተንሸራቶ ገባ። ቁራጭ የውሃ ቱቦ ደግፋ በመዶሻ ቀስ ቀስ እያለች መታችው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይል የነበረው ድምፅ ድንገት ደነደነ።

"ገባ" አሉ፣ እሷና ሽማግሌው እኩል። ተያዩና ሳቁ።

አዲሱን ዘይት መስመር ባለው መለኪያ ለሁለቱም እኩል ለካች። "እኔ በዓይኔ ነበር የምለካው" አላት። "ዓይንዎ ጥሩ ነው፤ መለኪያው ግን አይደክመውም" አለችው። ከዛ ወዲያ መለኪያውን የያዘው እሱ ነው። እስትንፋሱን ውጦ ነው የያዘው።

ተገጥማ ስታበቃ ሽማግሌው መሪውን በሁለት እጁ ያዘና በክብደቱ ተጫናት። ወረደች። ለቀቃት። ዱሮ ዘላ ነበር የምትመለሰው፤ አሁን ግን ሳትዘል፣ ሳትንኳኳ፣ የተኛ ልጅ ደረት እንደሚነሳው ተነሳች። ደግሞ ተጫናት። ደግሞ ተነሳች። እኔም ልሞክር ብዬ ተጫንኳት። ብረትና ዘይት ናት፣ ሲገጥሟት አይቻለሁ፤ እያየሁ ግን ነፍስ የዘሩባት መሰለኝ።

በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። ማዶ ነው፤ ምጥ። ከበሩ እስከ መታጠፊያው ቀስ ብላ ነዳች፤ ፍሬን ያዘች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ያዘች። ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ። እጇን አውለበለበችና ሄደች። የመንገዱን ጉብታ ስትዘል የሞተሯ የፊት እግሮች አጎንብሰው ቀና ሲሉ ከሩቅ አየናቸው።

ትንሽ ቆይቶ ጎማ ነጋዴው ተበሳጭቶ መጣ። "ጠዋት አመጣታለሁ ብለህ አስቆምከኝ። ሞተሯ የታለች?"

"ሥራ ላይ ናት።"

"ክፉ ናት፣ ሰው ትበላለች አላልከኝም?"

"ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነው" አለ ሽማግሌው፣ ወንበር እየሳበለት። "ተቀመጥ ልንገርህ። ክፉ ሞተር የለም፤ ያልታየ ሞተር ነው ያለው። አንዱ እግር ካነባ ሁለቱንም ፍታ። ጨርቅ አትሰር፤ ጨርቅ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ስትሠራ እጅህን ታጠብ፣ ዕቃህን ንጹሕ ላይ አስቀምጥ፣ ዘይቱን ለክተህ አፍስ። ይህን ካደረግህ ፍሬንህ ይይዛል፣ ጎማህ እኩል ይበላል፣ ወገብህ አይንቀጠቀጥም፣ ሞተርህም ጋራዥ ስትጠብቅ አትከርምም። ትልቁ ደግሞ ይሄ ነው፤ የሚጠብቅህ ሰው ጋ ሳይመሽበት ትደርሳለህ።"

አንዱም ቃል የራሱ አይደለም፤ አፉ ላይ ግን አምሮበታል። ነጋዴው መጀመሪያ አኩርፎ፣ ኋላ አንገቱን እየነቀነቀ፣ መጨረሻ ላይ "የጎማው ቀለበት የት ነው የሚገዛው?" ብሎ ሄደ።

ሁለታችን ቀረን። ሽማግሌው ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል። እኔም ወሬ አላነሳሁበትም። ሲጮህ አፈፍ አድርጎ ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

"አባባ፣ ደርሻለሁ። ገና አልወለደችም።"

ስልኩን ዘጋውና ወደ እኔ ዞረ።

"ደረሰች" አለኝ።

ዕድሜ ልኩን ጭነት ከአገር አገር ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። ቃሉን ግን ገና ዛሬ እንደሰማው ሁሉ፣ ቀስ አድርጎ፣ ለራሱ ደገመው።