በጭማሪ ላይ ጭማሪ

ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ወገቡን አያመውም የሚል ካለ፣ አንድ ሐምሌ ላስ ቬጋስ ይምጣና በእኔ ወንበር ተቀምጦ የፖከር ካርታ ያድል።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ አውቶቡስ መጠበቂያው ስጎተት፣ ሚስተር ሆሊስ ትሬድዌይ ከጥላው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው የሚያገኙት እኛ ቁማር ቤት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ሴት ልጃቸው ግን ለጨዋታ የመደቡት ገንዘብ እስከ መስከረም ካለቀ እሷ ወደምትኖርበት አይዳሆ ወስዳ ልታኖራቸው ቃል አስገብታቸዋለች። በዚያን ቀን ደግሞ ግማሹ በአንድ ዙር ሄደ።

የወሰደችው ካሪና ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ትማራለች። እሷም አውቶቡስ ልትጠብቅ መጣች።

«ተቀየሙኝ እንዴ ሚስተር ትሬድዌይ?»

«ካርታ ነው፤ ምን ቅያሜ አለው። ደከመኝ እንጂ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የመጨረሻው ካርታ ተገልጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ለሁላችንም ከተገለጡት አምስት ካርታዎች ሦስቱ ልብ ናቸው። እርስዎ አስያዙ፣ እኔ ጨመርኩ። በጭማሪዬ ላይ ለምን ጨመሩ?»

«በእጄ ካሉት ሁለቱ ጋር ንጉሥ ያለበት አምስት ልብ ሞልቶልኝ? ሲጨመርብኝ መልስ እሰጣለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር።»

«ማን ደካማ ይቆይልኛል ብለው ነው?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ንግሥት የያዘ ሰው እርስዎ ሲጨምሩ ጥሎ ይሸሻል። ባዶ ይዘው እንደማያስመስሉ አገር ያውቃል። የሚቆየው ከንጉሥ የሚበልጠውን አስ የያዘ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይበላዎታል። ዝም ብለው እኩል አስገብተው ካርታዬን ቢያዩ ኖሮ ብዙው ይተርፍ ነበር።»

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን ልበል? አዳይ ስለ ሰው ካርታ አይናገርም፤ ከጠረጴዛ ውጭም ልማዱ አይለቅም። በሆዴ ግን ልጅቷ ልክ ናት አልኩ። ሽማግሌው በዚሁ ልማድ ሲበሉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንጀቴን ይበሉኛል።

«እሺ፣ መቼ ልጨምር ታዲያ?»

«የማይበለጥ ሲይዙ። አለዚያም ምንም ሳይሞላልዎት የልብ አስ ብቻዋን እጅዎ ስትገባ። እሷ እርስዎ ጋ ካለች ሌላ ሰው ትልቁን ሊይዝ አይችልም። ንጉሥ የያዘውም እሷን ይፈራል።»

«እሱማ ውሸት ነው፣ ልጄ።»

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ ያለነው። ሁልጊዜ እውነት ይዞ የሚጨምር ሰው፣ እውነቱ ሲመጣ የሚከፍለው አያገኝም።»

ባርኔጣቸውን ደፍተው ተነሱ። አውቶቡሱ መጣና ሦስታችንም ተሳፈርን።

በሳምንቱ ሁለቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። እንደገና ሦስት ልብ ወረደ። ሚስተር ትሬድዌይ አስያዙ፣ ካሪና ጨመረች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ የቀራቸውን የገንዘብ ቺፕ በሙሉ ወደ መሃል ገፉት። አይዳሆ ታየኝ።

ካሪና ብዙ አሰበች። «ንጉሥ ይዤ ነው የምጥለው» ብላ ካርታዋን ወደ እኔ ወረወረች።

እሳቸው የራሳቸውን ገለጡ፤ የልብ አስና አንዲት ጥቁር ሰባት፤ ምንም አልሞላላቸውም። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

«ምን ነካዎት? ለምን ያሳያሉ?» አለች ካሪና። «ከእንግዲህ ማንም አያምንዎትም።»

«ማን ደካማ ይቆይልኛል ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር?» አሉ ባርኔጣቸውን እየደፉ። «ከእንግዲህ ሁሉም ይቆይልኛል።»

እውነትም ቆየላቸው። የማይበለጥ ይዘው ሲጨምሩ ንግሥት የያዘውም ያስመስላሉ ብሎ ይከፍል ጀመር። እንደ ንጉሡ ያለ ሁለተኛውን ትልቅ ካርታ ሲይዙ ግን መልስ መስጠቱን ትተው እኩል እያስገቡ ያያሉ። በተጨመረበት ቁጥር መጨመር ጀግንነት የሚመስለው አንባቢ ካለ ይህን ያስብ፤ ማን እንደሚከፍለው ሳያውቅ የሚጨምር ሰው፣ የሚጨምረው ለሌላ ነው።

ልጃቸው በመስከረም መጣች፤ ገንዘቡ ግን አላለቀም ነበር። ዕቃቸውን ልትከትበት ያመጣችውን ሻንጣ ከወንበሬ አጠገብ አስቀምጣ፣ አባቷ ከካሪና ጋር ሲሟገቱ ቆማ ሰማች። ማታ ሻንጣውን ባዶውን ይዛ ወደ አይዳሆ ተመለሰች።