የጎረቤታችን ሦስት ክቦች

ለምወድሽ እናቴ፣ ከልጅሽ ከሰርካለም፤

አስቀድሜ ይቅርታ እለምንሻለሁ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ይመስላል፤ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ለይቼ የት እንደምጽፍ ዛሬም አላውቅም። ስምንተኛን ያለፍኩት በጭንቅ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። በዚያ ላይ የምጽፈው የእህቴን ልጅ ክንዱን አዝዬ ነው። መስመሩ ወደ ታች የወረደበት ቦታ ሁሉ፣ ልጅየው ፀጉሬን የጎተተበት ነው።

እንደምን ከረማችሁ? ገብሱ ተወቅቶ ገባ? ዳልቻ እግሩን አሞት አባቴ ሳምንት ሙሉ ሳይጠምደው ቀረ ሲሉ ሰማሁ። ደግ አደረገ። እዚህ ንፋስ መውጫ የጧቱ ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል፤ ከዚያ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤ ያነብልሽ የነበረው ዲያቆን ምስጋናው ድጓ ሊማር ቤተ ልሔም ገባ አሉ። ግድ የለም፤ ይህን ይዛ የመጣችው እህቴ ራሷ ታነብልሻለች። ለሥራ ወገዳ ስለምትመጣ ሁለት ቀን አንቺ ዘንድ ታድራለች። አደራ፣ አንድም መስመር ሳትዘል ታንብብልሽ። እኔ መቼም ሰው ፊት አንገቴን ደፍቼ ጣቴን ከመቁጠር በቀር አይሆንልኝም። በእሷ አፍ ሲሆን ያምራል... የተማረ አፍ ነው።

ስለ እህቴ የምነግርሽ ወሬ የለኝም። ደህና ናት፤ ሥራ ላይ ናት። ሥራ ላይ ናት ካልኩሽ ሌላ ምን ይጨመራል? ይልቅ ስለ አንዲት ጎረቤታችን ላጫውትሽ። ስሟን አልጠራም፤ ሐሜት እንዳይሆንብኝ።

እማ፣ ምን የመሰለች ጎበዝ ናት መሰለሽ! ጧት ልጇ ሳይነቃ ትወጣለች፤ ማታ ልጇ ከተኛ በኋላ ትገባለች። እንቅልፉን እንኳ አትረብሽበትም... እንዲህ ያለ አሳቢ እናት የት ይገኛል? ቅዳሜ ስብሰባ፣ እሑድ ሪፖርት። በሚካኤልም በማርያምም ኮምፒዩተሯ አይዘጋም። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ በኋላ ሳስበው እውነቷን ነው። በዓል የሚሽረው ሞፈርና ቀንበር ነው እንጂ ኮምፒዩተር ምን አጠፋ?

አለቆቿ ይሞቱላታል። ባለፈው ፎቶዋ ያለበት የምስጋና ወረቀት ሰጧት፤ በመስታወት አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ደግ አደረገች። ሞግዚቷ ጧት ጧት ልጁን ከፍ አድርጋ ፎቶውን ታሳልመዋለች። መስታወቱ ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም።

ልጇ ካልኩ አይቀር፣ ከእኛ ክንዱ ጋር እኩያ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው የተወለዱት። እንዲህ ያለ መገጣጠም አይተሽ ታውቂያለሽ? ሞግዚቷም ከገጠር ያመጣቻት የሥጋ ዘመዷ ናት፤ እንደ እኔ ያለች አፈ ቆላፋ። «ለመስከረም ዘጠነኛ ክፍል አስገባሻለሁ» ብላ ነው ያመጣቻት። ቃሏን አጠፈች እንዳትይ... የትኛው መስከረም እንደሆነ መች ተናገረች? ሁለቱ አልፈዋል። መስከረም እንደሆነ በየዓመቱ ይመጣል፤ ምን ያስቸኩላል?

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እዚያ ቤት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተበልቶ ታድሯል። የተረፈ ሁሉ አለ።

አባትየውስ ትይኝ ይሆናል። ሾፌር ነው፤ በወር አንድ ቀን ሙዝ ይዞ ይመጣል። እሱን ማንም አይጠይቀውም። ወንድ ነዋ! ሙዝ ያመጣ ወንድ ምን ጎደለው?

ልጁ አፉን ፈትቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «እማ» ይላል... ስልክ ሲጮህ። ባለፈው ሞግዚቷ ሱቅ ይዛው ሄዳ፣ የባለሱቁ የወርቅነህ ስልክ ጠራ። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ «እማ! እማ!» እያለ ወደ ባንኮኒው ተንጠራራ።

ወርቅነህ፣ «ሰማችሁ ጎበዝ? ስልኬ ሳላውቅ ወልዳለች!» አለ።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሞግዚቷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ? ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ እኮ ወተቷንም ጩኸቷንም አላገኘ። ይሄ ልጅ ጩኸቷን እንኳ ይሰማል። ዕድለኛ ነው።

ዋናውን ሳልነግርሽ! ይቺ ጎረቤታችን አሁን አሠልጣኝ ሆናለች። የምታሠለጥነው ምን መሰለሽ? «ሥራንና ቤተሰብን አመጣጥኖ መኖር»። አትሳቂ እማ... እውነቴን ነው። ሥልጠናው ቅዳሜና እሑድ ነው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ጥለው ይመጡና፣ ልጆቻቸውን እንዳይጥሉ ተምረው ይመለሳሉ። የት እንደሚሰጥ አልጠየቅኩም፤ ወደ እናንተ በኩል ነው አሉ።

ማክሰኞ ዕለት ቤት ውስጥ ስትለማመድ ነበር። ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋ ሦስት ክቦች ሳለች። አንዱ ሥራ፣ አንዱ ዕረፍት፣ አንዱ ቤተሰብ፤ ለእያንዳንዱ ስምንት ስምንት ሰዓት። እኩል እኩል ነው፣ አንዱ ካንዱ በፀጉር አይበልጥም። በወረቀት ላይ እንዲህ የምታስተካክል እጅ አይቼ አላውቅም። ሞግዚቷ ሠልጣኝ ሆና በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ታዲያ ብድግ ብሎ ሄዶ፣ ቤተሰብ የሚለውን ክብ በጣቱ ነካና «ዳቦ!» አለ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ወደ ውጭ አውጪልኝ! ስለ ቤተሰብ እየተናገርኩ አይደለም እንዴ?»

ተያይዘው ወጡ። ሥልጠናው ያለ ሠልጣኝ ቀጠለ። ከውጭ ሲሰሙት ግን እንዴት ያምር ነበር! «ልጅ ጊዜያችንን እንጂ ስጦታችንን አይፈልግም» ስትል፣ ሞግዚቷ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ መጣ። እንዲህ ያለች እናት ብትኖረው ይሄ ልጅ እንዴት በታደለ!

እኔማ አባቴን አስታወስኩት። ፊደል አልቆጠረ፣ ክብ መሳል አይችል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዳልቻንና ቦራን ይፈታል፤ ያ ነው የሱ ሥልጠና። አንድ ጊዜ ትንሽ መሬት ቀርታ ሲፈታቸው፣ «ጥቂት ቢቀጥሉ ያልቅ አልነበረም?» ብዬ ብጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ? «እርሻ አያልቅም ልጄ፤ የሚያልቀው በሬው ነው።» ለጎረቤታችን ብነግራት በወረቀቷ ላይ ትጽፈው ነበር። ግን ከስብሰባ መች ትወጣና?

እዚህ ላይ የአንባቢሽ ድምፅ ከደረቀ ውሃ ስጫት። የወገዳ መንገድ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። ጠጥታ ትቀጥል፤ ጥቂት ነው የቀረኝ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም፤ ኃጢአት ይሁን ጽድቅ ሳይገባኝ ቀርቶ። ይሄ የጎረቤት ወሬ አይደለም። የኛው የክንዱ ነው።

አምና እህቴ ወደ አጎቴ ስልክ ደውላ፣ «ክንዱ ተራመደ! የመጀመሪያ እርምጃውን በዓይኔ አየሁት!» ያለችሽ ትዝ ይልሻል? እሑድ ነበር። ሲደግመው ቀርጻ ለቢሮው ሰው ሁሉ አሳየች፤ ዶሮ ታረደ። አንቺ እልል ስትይ ስልኩ ውስጥ እኔም ሰምቼሻለሁ።

እማ፣ ክንዱ የተራመደው ያን ዕለት አይደለም። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው። አንድ ባጃጅ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። እናቱ የመጣች መስሎት፣ የተደገፈውን ግድግዳ ለቀቀና ወደ በሩ ሄደ... አራት እርምጃ። ቆጥሬዋለሁ። ባጃጁ ግን ከፊት ለፊታችን ላሉት ሰዎች ነበር። በሩን ይዞ፣ ባጃጁ ዞሮ እስኪሄድ አየ። ከዚያ እዚያው ቁጭ አለ። አላለቀሰም።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ቀን ቤቱን ሲዞረው ሰነበተ። እሷ ስትገባ ተኝቶ ነው የምታገኘው። እሑድ ስብሰባው ቀረና ቤት ዋለች። እኔም ጧት እንደተነሳ አዘልኩት፤ መሬት እንዳይነካ። ጀርባዬ ላይ እየተወራጨ አውርጂኝ ቢለኝም እምቢ አልኩት። ስልኳን እስክታስቀምጥ ጠበቅኩ። ስታስቀምጥ ፊት ለፊቷ አቆምኩትና እጁን ለቀቅኩት። ስትጮህ፣ ስታለቅስ፣ ስታቅፈው... እኔም እንደ አዲስ አጨበጨብኩ። የልጇን እርምጃ ሰጠኋት። ሌላ የምሰጣት ምን ነበረኝ?

ወረቀቱ አለቀ፤ በምርቃት ልሰናበት። ይህን አንብባ ለጨረሰችልሽ ሰው እግዚአብሔር ድካሟን ይቁጠርላት። ሹመቷን ያብዛላት፤ ግድግዳዋን በምስጋና ወረቀት ይሙላላት። ሁለተኛ ልጅም ይስጣት... እሱንስ ሲራመድ፣ እኔ ይዤ ሳላቆይላት፣ በገዛ ዓይኗ ለማየት ያብቃት።

አሜን በይላት እማ።