የሼሁ ጥምጥም

በጣሊያን ካሚዮን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ አንዲት ሴት ባዶ ራሳቸውን የተቀመጡትን ሼህ ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ጥምጥምዎን ምን ነካው?»

«ትናንት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ አንድ ሰው ሲወስድ፣ ዋናተኞች ገመድ ይዘው እስኪደርሱ ብዬ ፈትቼ ወረወርኩለት።»

«ወይኔ! ባሌ ከትናንት ጀምሮ ቤት አልገባም። ሰውየው ያዘው?»

«እምቢ አለ እንጂ! ውሃው አገጩ ደርሶ፣ ‹የሼህ ጥምጥም በጭቃ እጄ አልነካም› ይለኛል።»

«ወላሂ እሱ ነው! ከዚያስ?»

«‹ካልያዝክ እረግምሃለሁ!› ብዬ ጮህኩበት። ያኔ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ጎትተን አወጣነው።»

«አልሀምዱሊላህ! አሁን የት ነው?»

«ኮምቦልቻ፣ እኔ ቤት። ጥምጥሙን አጥቤ ሳልመልስ አልሄድም ብሎ።»

እኔም ሳላስበው የኩታዬን ርዝመት በክንዴ ለካሁት።