በጡብ ከፍ ያለው ጠረጴዛ

ጓድ ሊቀመንበር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለእኔ ሽኝት ብላችሁ ስለሰጣችሁ ያክብርልኝ። ዳቦውን ለጋገረችው ለሀሊማ፣ ሻዩን ላፈላችው ለሂሩት፣ የስፌት መኪኖቹን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ መቆሚያ ላበጃችሁልን ወንዶችም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ሊቀመንበራችን ጓድ ባፈና ወንበር አቅርበውልኝ ነበር። እዚያው ይቆይ። ተቀምጬ ብናገር፣ ስጨርስ ደግፎ የሚያነሳኝ ሰው ልትፈልጉ ነው።

ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። በዚህ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከዛሬ በፊት አፌን የከፈትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲሶቹ አባላት ስላልነበራችሁ፣ እሱኑ ልንገራችሁ።

እዚህ ስገባ እንደ ሁላችሁም ሰፊ ነበርኩ። ከዚያ ጣቶቼ ማበጥ ጀመሩ፤ ጉልበቴ ተከተለ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። የመገጣጠሚያ በሽታ ነው ተባልኩ። መቼ እንደሚለቀኝ ብጠይቅ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ ያስታግሰዋል እንጂ አይለቅሽም፣ አብረሽው መኖር ልመጂ አለኝ። እሺ፣ አብሬው ልኑር። ነገር ግን እሱ የስፌት መኪና መርገጥ አይወድም። ምን ላድርገው?

ጠዋት ጠዋት እጄ እንደ እንጨት ይደርቃል። መኪናውን ረግጬ የጀመርኩት ሱሪ ሳያልቅ ጉልበቴ እሳት ይሆናል። ሌላው ሦስት ሲጨርስ እኔ አንዱ ላይ ነኝ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የእኔ ነገር አጀንዳ ሆኖ ቀረበ። ድርሻዋን መሙላት ያልቻለች አባል ተመስግና ትሰናበት የሚል ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ማኅበሩ የሚኖረው በሚሰፋው ልብስ ነው። እኔስ? ባል የለኝ፣ መሬት የለኝ። ከዚህ ቤት ከወጣሁ የምገባበት አልነበረኝም።

ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስለ ራሴ ሲወራ እሰማለሁ። ውይይቱ ረዘመ። ጉልበቴ ሲቀመጥ ይቆለፋል፤ ሳይቆለፍ ላፍታታው ብዬ ብድግ አልኩ። ነባሮቹ የዚያን ጊዜ ስብሰባ ታስታውሱታላችሁ፤ በአጀንዳ መሀል ብድግ የሚል ሰው ለመቃወም እንደሚነሳ ሁሉም ያውቃል።

ጓድ ባፈና መነጽራቸውን አወለቁ። «ጓድ ጣቢታ፣ ተቃውሞ አለዎት?»

ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ነው ያለው። ልቀመጥ ስል ሀሊማ ቀሚሴን ያዘችኝ። «አንቺ፣ ከተነሳሽ አይቀር ተናገሪ እንጂ» አለችኝ።

ተናገርኩ። እግሬ መርገጥ እንቢ ብሏል፣ ቆሜ ግን እውላለሁ፤ ጨርቅ ቆራጭ አድርጉኝ፣ የመቁረጫውም ጠረጴዛ ጎንበስ እንዳልል ከፍ ይበልልኝ አልኩ። ልብስ ተኳሻችን አቶ ወንዳፈረው መቼ ዝም ይላል? «መቀስ የሚይዘው ጣትሽስ?» አለኝ። ጠዋት አይታጠፍም አልኩት። እስኪታጠፍ ጠመኔውን በመዳፌ ይዤ አሰምራለሁ፣ ከሰዓት እቆርጣለሁ። «የጠዋቱን እኔ እቆርጥላታለሁ» አለች ሀሊማ። እስከ መስከረም እንድሞከር ተወሰነ።

በማግስቱ ከጠረጴዛው እግሮች ሥር ጡብ የደረደረው ማን መሰላችሁ? ራሱ ወንዳፈረው ነው። «ቤተ መንግሥት ሠራንላት» እያለ እየሳቀ፣ ልኩን በወገቤ እያየ።

ማንበብ የለመድኩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጨርቁን የምናሰምርበትን ልክ የምንቆርጠው ከአሮጌ ጋዜጣ ነበር። የዜናውን ግማሽ እጅጌ ላይ አነባለሁ፣ ቀሪውን ኮሌታ ላይ እፈልጋለሁ። ኮሌታው ከሌለ ዜናው ሳያልቅ ይቀራል። ዛሬም ድረስ መጨረሻቸውን ያላወቅኳቸው ብዙ ነገሮች አሉ።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። የዳምቦያ ከተማ ተማሪዎች የደንብ ልብስ ትምህርት ሳይከፈት መድረስ ነበረበት። ዝናቡና ብርዱ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ከሰዓትም እጄ ያልተከፈተበት ቀን ነበር። ያን ቀን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ በመዳፌ እየተጫንኩ ቆረጥኩ። አስቀያሚ አሠራር ነው፤ መቀሱ ግን መስመሩን አልሳተም። በመጨረሻ የልብሱን እስሮች መናኸሪያ ወስደን አውቶቡስ ላይ ስናስጭን፣ ወንዳፈረው ወደ እኔ ዞሮ «አሁን ተመስግነሽ ልትሰናበቺ ነው?» አለኝ። አይ፣ ነገ ሥራ አለኝ አልኩት። መስከረም ላይ የእኔን አጀንዳ ያነሳ አልነበረም።

በሽታው አልዳነም። ዛሬ ጠዋት እንኳ የቀሚሴን ቁልፍ የቆለፈችልኝ ጎረቤቴ ናት። ጠረጴዛው ግን ዛሬ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ወገቡን ያመመው ሁሉ ይሻማበታል።

አሁን የዳምቦያ ሴቶች የራሳቸውን የስፌት ማኅበር አቋቁመው አቆራረጥ የምታስተምር ሰው ፈልገው መጡ። ጓድ ባፈና የእኔን ስም ሰጧቸው። ከመጡት አንዷ ቀስ ብላ፣ ሴትየዋን ያማታል ይባላል አለቻቸው። በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ መልሳቸውን ሰማሁት። «አዎ፣ ያማታል። ቆራጫችንም እሷ ናት» አሉ።

ይህንን ይዤ ነው የምሄደው።

እጃችሁ አይዛል፤ የሰፋችሁትን የሚለብስ አይጥፋ። በዚህ ቤት የታመመ ሕመሙን ሳይደብቅ ይሥራ። ልጆቻችሁ በጤና ይደጉ፣ ሽማግሌዎቻችሁ በክብር ይጦሩ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የምትሄዱ በየጸሎታችሁ አስቡኝ፣ እኔም አስባችኋለሁ።

በሉ፣ ሰላም ዋሉልኝ። ሰኞ ዳምቦያ ሥራ እገባለሁ።