አባ የጠየቁኝ ጥያቄ

ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በር ማዶ በቆመች የመንጃ ማሠልጠኛ መኪና ውስጥ፤ ዘንድሮ የምትመረቀው የአርባ ስድስት ዓመቷ ተማሪ አሰለፈች እና ባሏ ደምሰው፣ የመኪናዋ ባለቤትና የመንዳት አስተማሪ።

አሰለፈች፦ አልወርድም አልኩ አልወርድም! መኪናውን አዙር።

ደምሰው፦ እዚህ ጋ መዞር ክልክል ነው። ምልክቱን አታይም?

አሰለፈች፦ እንግዲያው ወደፊት ንዳና የሚፈቀድበት ቦታ ዙር።

ደምሰው፦ መሪውን እኔ ብይዝም የምትነጂኝ አንቺ ነሽ። ሰዉ እኮ መኪናዋ ላይ «ለማጅ» የሚለውን አንብቦ አንቺን ነው የሚያይሽ። «ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜዋ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ!» እያለ ያዝንልሻል።

አሰለፈች፦ ይዘንልኝ። «በዚህ ዕድሜዋ ዲግሪ ልትይዝ» ከሚለኝ ይሻላል።

ደምሰው፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ጠዋት በሰላም አደረስኩሽ። ረፋዱ ላይ ደውለሽ «ና ውሰደኝ፣ ትምህርት በቃኝ» አልሽ። ቤት አደረስኩሽ። ምሳ ሳልበላ አስተማሪሽ አባ ደወሉ። «ባለቤትዎን ይዘውልኝ ይምጡ፤ ሌሎቹን ፈትኜ እስክጨርስ እጠብቃለሁ» አሉኝ። እኔ ዛሬ የማን ሾፌር እንደሆንኩ ሊነግረኝ የቻለ የለም።

አሰለፈች፦ ፈተና ነበር። የቃል። ተቀመጥኩ፣ ጠየቁኝ፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

ደምሰው፦ ይሄማ እኛም ጋ አለ። ባለፈው አንዱ ተማሪዬ ዳገት ላይ ሞተር ጠፋበት። በሩን ከፈተና መኪናውን ከነፈታኙ ጥሎ እብስ አለ!

አሰለፈች፦ ፈታኙስ?

ደምሰው፦ የእጅ ፍሬን ስቦ አማተበ። ልጁን አሳድጄ ያዝኩትና በሳምንቱ ተፈተነ። ዛሬ የከተማ አውቶብስ ነው የሚነዳው።

አሰለፈች፦ እኔ አውቶብስ አልነዳም።

ደምሰው፦ አንቺ ምን እንደምትነጂ ማን ያውቃል? አራት ዓመት ሙሉ «ሚስትህ ምንድን ነው የምትማረው?» ሲሉኝ ስንተባተብ ኖርኩ። የእህትሽ ልጅ አካውንቲንግ ነው፣ አለቀ። የጎረቤታችን ልጅ ነርስ ናት፣ አለቀ። ያንቺ፣ ፍልስፍና ነው ስል ታሪክ ይሆናል፤ ታሪክ ነው ስል ሥነ ጽሑፍ፤ እሱን ያዝኩ ስል ደግሞ አንድ ማታ ግቢ አቁመሽ ኮከብ ታስቆጥሪኛለሽ!

አሰለፈች፦ ሰውን ለሥራ ብቻ ሳይሆን ለሰውነቱ የሚያዘጋጅ ትምህርት ነው ብዬሃለሁ። ከሁሉም ይቀመሳል።

ደምሰው፦ እኔም መጨረሻ ላይ «በያይነቱ ነው የምትማረው» ብዬ ተገላገልኩ።

አሰለፈች፦ ለማን ነው እንዲህ ያልከው?

ደምሰው፦ ለዕድራችን ሰብሳቢ።

አሰለፈች፦ አሃ! ለዚህ ነዋ ባለፈው «ሆቴሉን መቼ ትከፍቺልናለሽ?» ያሉኝ!

ደምሰው፦ አየሽ፣ ሳትመረቂ ደንበኛ አገኘሁልሽ። የነፍስ አባታችንንስ ረሳሻቸው? «እነዚህ ካቶሊኮች ልጄን እንዳይወስዱብኝ» ብለው ስንት ጊዜ አስጠሩኝ።

አሰለፈች፦ አንድም ቀን ሃይማኖትሽን ለውጪ ያለኝ የለም። እንደውም መነኩሲቷ ሲስተር ብርክቲ ዓርብ ዓርብ ካፌው በር ላይ ጠብቃ «የጾሙ በዚህ በኩል ነው» ትለኛለች። ሃይማኖቴን አልነኩትም። የነኩት እንቅልፌን ነው።

ደምሰው፦ ያንቺን ብቻ? «ደምሰው፣ ሰው ነፃ ፈቃድ አለው ትላለህ?» እያልሽ የቀሰቀስሽው ማንን ነበር?

አሰለፈች፦ አንተስ ምን መለስክ?

ደምሰው፦ «ቢኖረኝ ኖሮ እተኛ ነበር» አልኩሽ። እስከ ዛሬ ለዚያ መልሴ ማርክ አልሰጠሽኝም።

አሰለፈች፦ አታስቀኝ።

ደምሰው፦ እሺ። አባ ክፉ ሰው ናቸው?

አሰለፈች፦ ክፉ ቢሆኑማ በምን ዕድሌ! ተሳድቤ እወጣ ነበር። ደግ ናቸው። ልጆቹን ሁሉ በስማቸው እየጠሩ እኔን ብቻ «ወይዘሮ አሰለፈች» ነው የሚሉኝ። ልጆቹ ሲያሾፉብኝ በዓይናቸው ነው ዝም የሚያሰኟቸው።

ደምሰው፦ እና ምን ብለው ጠየቁሽ?

አሰለፈች፦ የጻፍኩትን ፊታቸው ዘረጉና «ወይዘሮ አሰለፈች፣ ጽሑፍዎ ጥሩ ነው። በምሕረት ለሰው አዝነው የሚናገሩት ውሸትም ቢሆን ውሸት ነው፤ አይፈቀድም ብለዋል። መጻሕፍቱም ይህን ይላሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

ደምሰው፦ ከዚያስ?

አሰለፈች፦ ከዚያማ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ደምሰው፦ ይሄው ነው? ለዚህ ነው ምሳዬን የቀረሁት? ይሄማ የልጅ ጥያቄ ነው! ለታመመ ሰው «ዛሬስ ፊትህ ተመልሷል» ማለት ምን ኃጢአት አለው? እኔ በቀን ስንቱን «ጎበዝ፣ ደርሰሃል» እላለሁ። እውነቱን ብነግራቸው መሪ የሚጨብጥ ይገኛል?

አሰለፈች፦ አባ ሲጠይቁኝ በሽተኛም፣ ለማጅም አልታየኝም።

ደምሰው፦ ምን ታየሽ?

አሰለፈች፦ ቀይ ጫማ።

ደምሰው፦ የማን?

አሰለፈች፦ የማኅደር። ዛሬ ጠዋት አንተ መኪናውን ስታሞቅ ክሩን እያሰርኩላት ነበር። «እቴቴ፣ አባዬ እግሬ ማደጉን በምን ዐወቀ?» አለችኝ።

ደምሰው፦ …ምን አልሻት?

አሰለፈች፦ «አባት ያውቃል» አልኳት።

ደምሰው፦ ጥሩ መልስ ነው።

አሰለፈች፦ ጥሩ ውሸት ነው! ወንድምህን ውብሸትን ፍቼ ከተማ ከቀበርነው ዓመት አልፎታል፣ ደምሰው። እኔ ግን በውብሸት ስም ጫማ እገዛለሁ፣ በውብሸት ስም ለልደቷ ቀሚስ እመርጣለሁ። ልጅቷ አባቷ ዐረብ አገር ሕንፃ እየሠራ ነው የሚመስላት። ከዚያው ሕንፃ ወድቆ እንደሞተ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ደምሰው፦ ለልጅቷ አዝነን እኮ ነው። እናቷን በወሊድ አጥታለች፤ በላዩ ላይ ይሄን እንዴት ብለን? መርዶ ደግሞ ጊዜ አለው። ሽማግሌዎቹም ያሉት ይሄንኑ ነው።

አሰለፈች፦ ትምህርት ይዘጋ አላችሁ፤ ተዘጋ። ጾሙ ይፈታ አላችሁ፤ ተፈታ። ክረምቱ ይውጣ አላችሁ፤ ከወጣም ቆየ። አሁን ምን ቀራት? ትዳር ትያዝ?

ደምሰው፦ አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ።

አሰለፈች፦ ከቀብሩ ስንመለስ እዚችው መቀመጫ ላይ ሆኜ ጥቁሩን አውልቄ አበባ ሻርፕ ለበስኩ። አንተ ደግሞ በር ላይ ስትደርስ «ሆ! የእኔ ልዕልት!» ብለህ አንሥተህ አሽከረከርካት። ታስታውሳለህ?

ደምሰው፦ አትጠይቂኝ። ተፈታኟ አንቺ ነሽ።

አሰለፈች፦ እና አባ ዓይን ዓይኔን እያዩ «እርስዎስ?» ሲሉኝ ምን ልበል? «አይፈቀድም» ልበልና ቤት ሄጄ ክር ልሰር?

ደምሰው፦ «ይፈቀዳል» በያቸዋ!

አሰለፈች፦ እሱንም አላምንበትም።

ደምሰው፦ ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ታዲያ በምን ታምኛለሽ? እሺ፣ ነይ እንሞክረው። እኔ አባ ነኝ። ንገሪኝ።

አሰለፈች፦ አባ የክብሪት እንጨት አያኝኩም።

ደምሰው፦ ምሳ ስለበሉ ነዋ። እሺ፣ ጣልኩት። ኮሌታዬንም ቆለፍኩ። «ወይዘሮ አሰለፈች፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አሰለፈች፦ ትስቃለህ።

ደምሰው፦ «እኔ ካህን ነኝ፤ በማርያም አልስቅም።»

አሰለፈች፦ እኔ የምለው… ውሸቱን ከመመዘኔ በፊት ምሕረቱ ለማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ደምሰው፦ «ያብራሩት።»

አሰለፈች፦ መርዶው የደረሰን ሰሞን፣ ሬሳው ገና ሳይመጣ፣ ማኅደር ሳምባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ያኔ «አባዬ ደወለ?» ስትለኝ «ደውሏል፣ ቶሎ ዳኚ ብሏል» አልኳት። እሱ ለእሷ ነበር። ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ፤ ኃጢአት ከሆነ በእኔ ላይ ይሁን። ድና ቤት ከገባች በኋላ ያለው ግን ለእሷ አይደለም።

ደምሰው፦ ለማን ነው?

አሰለፈች፦ ለእኛ። ስትጮኽ መስማት ስለፈራን። እኛ ሳይከብደን እንድናድር እሷ የማይመጣ ሰው ትጠብቃለች። ጫማ በሰጠኋት ቁጥር የሚያድገው እግሯ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ተስፋዋም አብሮ ያድጋል። አንድ ቀን ከጎረቤት ልጅ አፍ ትሰማዋለች። ያን ቀን አባቷን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ እኔንም አንተንም ታጣናለች። ምሕረቱ ወደ ራሳችን ከዞረ፣ ያ ምሕረት ሳይሆን ፍርሃት ነው። እኔ የምለው ይሄንን ነው።

ደምሰው፦ እሺ፣ ኮሌታዬን ፈታሁት።

አሰለፈች፦ ምነው? ሳቅ እንጂ።

ደምሰው፦ ይሄ የየትኛው መጽሐፍ ነው?

አሰለፈች፦ የየትም። አሁን ነው የመጣልኝ።

ደምሰው፦ እንግዲያው አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ እንደ አባ ሳይሆን እንደ ባልሽ። ይሄን ሁሉ እያወቅሽ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሻትም?

አሰለፈች፦ ባንተ ምክንያት።

ደምሰው፦ በእኔ? እኔ አትንገሪ ብዬ እጅሽን ይዣለሁ?

አሰለፈች፦ እጄንማ ብትይዘው ደግ ነበር። ወንድምህ ሞቶ አንድ ቀን ቤትህ ውስጥ አላለቀስክም። ድንኳን አልጣልንም፣ ሰው አልመጣ፣ ፍራሽ አልተነጠፈ። ቀልድ ላይ ቀልድ ትደርባለህ። ለእሷ መርዶ የሚነገር ቀን አንተም ገና ያኔ እንደምትሰማው ዐውቃለሁ። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ደግፌ የምችል አልመሰለኝም።

ደምሰው፦ እኔ ምን ሆንኩና! ደህና ነኝ።

አሰለፈች፦ የመጨረሻው ተማሪ ሲወርድልህ መስታወት ዘግተህ እንደምትቆይ አላውቅም? ከዚያ ዓይንህን አቅልተህ ገብተህ «የቀለበት መንገዱ አቧራ» ትለኛለህ።

ደምሰው፦ እና አንቺ ታምኚኛለሽ ብዬ!

አሰለፈች፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዓይንህን እጠብልህ ነበር እንጂ ምን ልልህ ኖሯል?

ደምሰው፦ ይገርማል። እኔ ደግሞ የማታውቂ መስሎኝ… ኮፍያ ገዛሁ እኮ። ለአቧራው።

አሰለፈች፦ ኮፍያ ለዓይን ምን ያደርጋል፣ አንተ ሰውዬ?

ደምሰው፦ እኔ በያይነቱ አልተማርኩ! …ተመልከች፣ አባ ናቸው በር ላይ ወጥተው የቆሙት?

አሰለፈች፦ እሳቸው ናቸው። ጃንጥላቸውን ገልብጠው የያዙት።

ደምሰው፦ እኛን እያዩ ነው። ሒጂ በቃ። ልክ ለእኔ እንደነገርሽኝ አድርገሽ ንገሪያቸውና ጨርሺ። ለምርቃቱ ሙሉ ልብስ አሰፍቻለሁ፤ ካልተመረቅሽ የት ልለብሰው ነው?

አሰለፈች፦ ደምሰው፣ አስተውል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እዚያ ገብቼ ይህን በአንደበቴ ከተናገርኩት፣ ቤት ገብቼ «ጫማው ከአባትሽ ነው» ማለት አልችልም።

ደምሰው፦ ለፈተናው ያህል ብቻ ማለት አይቻልም?

አሰለፈች፦ ለፈተናው ያህልማ ጽፌ ነበር። እሳቸው ያልተቀበሉኝ እሱን ነው።

ደምሰው፦ ታዲያ… ዛሬ ነው የምትነግሪያት?

አሰለፈች፦ ዛሬ። እኔ ሳልሆን እኛ።

ደምሰው፦ ሽማግሌዎቹን ልጥራ? የነፍስ አባታችንንም፣ ዕድሩንም…

አሰለፈች፦ ጥራቸው፤ ከኋላ ይድረሱ። መጀመሪያ የምትሰማው ከእኔና ካንተ ነው።

ደምሰው፦ እኔ ምን እላታለሁ? እኔ እኮ ያለ ቀልድ መናገር አልችልም፣ አሰለፈች። አፌ አይገዛልኝም።

አሰለፈች፦ ምንም አትበላት። አጠገቧ ተቀመጥና አልቅስ። እሷም ማልቀስ እንደሚቻል ካንተ ትማር። እንቢ ካልክ አሁኑኑ ሞተሩን አስነሣ። አብሬህ ቤት እገባለሁ። ዲግሪው ይቀራል፣ ጫማውም እየተገዛ ይቀጥላል። አልቀየምህም። መኪናው ያንተ ነው፣ ወንድሙም ያንተ ነው።

ደምሰው፦ ውረጂ። ማኅደር ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ሄጄ ላምጣት። እስክትጨርሺ ሁለታችንም እዚሁ እንጠብቅሻለን። አንቺ ሳትመጪ ምንም አልነግራትም። ከጠየቀችኝ ግን ከዚህ በኋላ አልዋሻትም።